ሩዪ የዋርሳዋን እጅ አልወጋም ያለች ዕለት

ሩዪ ምላሰ ክፉ ነበረች፤ ይህን የማያውቅ የወንዝ ዳሩ ሰፈር ሰው የለም። ገላ ላይ እየሰካች የምታክምበት መርፌዋ ግን ፈዋሽ ነውና ስድቧን ችለው ይሰለፉላት ነበር። «ዝም ብለህ ተቀመጥ አንተ በሬ! መርፌ ነው እንጂ ጦር አይደለም!» ስትል፣ በሽተኛው አፉን ይዞ ይቀመጣል።

ከወንድሟ ሚስት ከፌንግቻይ ጋር ግን ዓይንና ናጫ ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት ፌንግቻይ ጉንጯ አብጦ፣ በመሀረብ ጠፍራው መጣች። ጥርስ ነው። ባይጨንቃት ኖሮ ያንን ደጃፍ ባልረገጠች!

«እትዬ፣ እጄን ውጊኝና ልሂድልሽ» አለች።

ለጥርስ ሕመም እጅ እንደሚወጋ እዚያ ሰፈር ሕፃንም ያውቃል። መርፌ ወጊዎች የደንዳኔ መስመር የሚሉት የሰውነት መንገድ ከሌባ ጣት ተነስቶ፣ በአውራ ጣቱ አጠገብ አልፎ፣ ክንድ ክንዱን ወጥቶ ድድ ይደርሳል፤ እጅ ላይ ሲከፍቱት ጥርስ ይተነፍሳል። በሌባ ጣትና በአውራ ጣት መካከል ያለችው ያቺ መወጊያ ቦታ ግን ነፍሰ ጡር ላይ አትነካም። ጽንስ ታወርዳለች ይላሉ፤ ይህንንም የማያውቅ የለም።

ሩዪ እንደ ልማዷ መጀመሪያ የፌንግቻይን የደም ሥር ዳሰሰች። ትርታው ከጣቷ ሥር እንደ ሽምብራ ተንከባለለ። ወይ ጉድ! አርግዛለች፤ ራሷም ገና አላወቀችም።

ፌንግቻይ አንድ ልጅ አላት። በዚያ ዘመን መንግሥት ከአንድ ልጅ በላይ ከልክሎ ነበርና፣ ሁለተኛ ያረገዘች ተጎትታ ሄዳ በግድ ታስወርዳለች። የሰፈሩን ሆድ እየጠበቀች ያረገዘችን ለሹማምንቱ የምትጠቁመው ወይዘሮ ታን ደግሞ ጉልበቷ ላይ መርፌ ተሰክቶባት እዚያው ተጋድማለች። ሩዪ የፌንግቻይን እጅ ብትወጋ ጽንሱ ይወርዳል፤ እጇን ትታ ሌላ ቦታ ብትወጋ ታን ወዲያው ይገባታል።

የፌንግቻይን እጅ ወረወረችው።

«ይሄን እጅ አልወጋም! እናቴ ውሃ ውሃ ብላ ስትሞት ቁማር ላይ የነበረ እጅ! ጥርስሽ ይርገፍ!»

«አንቺስ?» ፌንግቻይ ገነፈለች። «ለአገሩ ሁሉ መርፌ ይዘሽ ስትሮጪ እናትሽን አንድ ቀን አገላብጠሻታል? ሰገራዋን ማን ጠረገ? እኔ!»

የሩዪ ፊት አመድ መሰለ። ቢሆንም ዓይኗን ከፌንግቻይ ዓይን አልነቀለችም።

«አልወጋም አልኩሽ! ሌላም ሰው እንዳይወጋልሽ! ሰማሽ? ማንም!»

ፌንግቻይን «ማንም» የሚለው ቃል ያዛት፤ ማንም የማይወጋው የነፍሰ ጡር እጅ ነው። የዘገየው የወር አበባዋ ትዝ አላት። ከዚያ ለታን ጆሮ ከቅድሙ አብልጣ ጮኸች፣ ወንበሩን ገልብጣ ወጣች።

«የታመመ ዘመዷን ታባርራለች! ጨካኝ!» አለች ታን።

ፌንግቻይ ሆዷ ሳይገፋ እናቷ አገር ገባች፤ እዚያው ተደብቃ ወለደች። የተወለደ አይወርድምና መቀጮዋን ከፍላ ስትመለስ፣ ሕፃኑን አቅፋ፣ ለአራስ ደስታ የሚታደለውን ቀይ የተቀባ እንቁላል ይዛ ሩዪ ዘንድ መጣች።

«እትዬ... ያን ቀን ስለ እናትሽ ያልሽኝ፣ ለታን ብለሽ ነው አይደል?»

ሩዪ መርፌ መጥረጓን አላቆመችም። ሕፃኑንም ቀና ብላ አላየችው።

«አይደለም። ከልቤ ነው።»

ፌንግቻይ እንቁላሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እኔም ያን ቀን የመለስኩልሽ ከልቤ ነው» አለችና ልጇን ይዛ ወጣች።