የጠያቂ ቤንዚን

ወንድሜ ከሚያሠራው ሕንፃ ላይ ወድቆ እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ መኪናውን ማስነሳት ሆነ። ፊቴን እንኳ በወጉ ሳልታጠብ ግቢ ወጥቼ ቁልፉን አዞራለሁ፤ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ በመስኮቱ ያዳምጣል። ቱርቦ ያላት ፈጣን መኪና ናት። ከመሬት ብዙም ከፍ አትልም፤ የአዳማን ጉድጓድና የፍጥነት መቀነሻ ሁሉ ሆዷን እየፋቀች ነው የምታልፈው። እኔ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ መኪና የነበረኝ ነገር ቢኖር መንጃ ፈቃድ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ቤንዚኗን ብቻ አደራ» አለኝ ከሆስፒታል የወጣ ሰሞን። «ሌላውን ስነሳ እኔው አየዋለሁ።»

የነዳጅ ክዳኗ ውስጥ «ፕሪሚየም ብቻ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ ስንቱን አሳየኝ! ማደያው ጋ ያለው ቤንዚን አንድ ዓይነት ነው፤ እሱም ከተገኘ። ግማሽ ቀን ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ቀጂውን «ኦክቴኑ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ከኋላዬ ያለው የባጃጅ ሾፌር ክላክሱን ለቀቀው። ቀጂው ትክ ብሎ አየኝና «እህቴ፣ ቤንዚን ነው» አለኝ። ምን ልበለው? ቤንዚን ነበር።

ወንድሜ ነው ያስረዳኝ። የእሷ ሞተር ነዳጁን አፍኖ ያምቀዋል፤ ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ያንን ችሎ፣ ተራውን ጠብቆ መንደዱ ነው። ደከም ያለ ቤንዚን ግን አይታገስም፤ ያለ ሰዓቱ ይፈነዳል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ሲብስም ፒስተን ይበሳል። «ተራውን ጠብቆ» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተራ ስጠብቅ የዋልኩት እኔ ነኝ፤ የሚመሰገነው ቤንዚን ነው። ደግነቱ አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቹ ኦክቴን የሚጨምር መድኃኒት በትንንሽ ጠርሙስ በሚኒባስ ይልኩልን ነበር። ከማደያው ያስቀዳሁት ላይ እሱን እየጨመርኩበት ብዙ ጊዜ በሰላም ኖርን።

ከዚያ ቤንዚን ከማደያው ጭራሽ ጠፋ፤ መድኃኒቱም መምጣቱን አቆመ። እኛ አገር ደግሞ የታመመ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። የወንድሜ ደስታ የመኪናዋ ድምፅ መሆኑ ሰፈሩ ውስጥ ከተወራ በኋላ ብርቱካንና ሙዙ ቀረ። መጀመሪያ ጎረቤታችን አዛውንቱ «አካም ጅርታ፣ ልጄ» እያሉ ገቡና ከጋቢያቸው ሥር ቤንዚን የሞላ የውሃ ፕላስቲክ አወጡ። የጸሎት ጓደኞቹ ጀሪካን ይዘው መጡ። ባቱ ያለችው አክስታችን እንኳ ከቲማቲም ጋር ሁለት ፕላስቲክ ሙሉ ላከች። ሁሉም ከመንገድ ዳር የተገዛ ነው፤ ምን እንደተቀላቀለበት አንድዬ ያውቃል።

እንዴት ተደርጎ እንቢ ይባላል? ሰው ከራሱ ነስቶ ያመጣውን! ደግሞ ሲቀዳ ቆመው ካላዩ አይሄዱም። «እግዜር ይማረው» ይሉኛል፤ እኔ «አሜን» እያልኩ አንቆረቁራለሁ። ወንድሜ በመስኮት አመስግኖ ይሸኛቸውና በሩ ሲዘጋ «ላምባ አለበት፣ ሸተተኝ» ይለኛል። ታዲያ ለምን አትናገርም ስለው «አንቺስ?» ይለኛል። ሰው ማስቀየም እሱም እኔም አናውቅበትም። ሞተሩን ግን አስቀየምነው። አንድ ጠዋት አስነስቼ ረገጥ ሳደርጋት፣ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚናጥ ዓይነት ድምፅ አወጣች። «አጥፊያት!» ብሎ ጮኸ። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ያም ሆኖ ፍል ውሃ ለጡንቻው ጥሩ ነው ስለተባለ ቅዳሜ ወደ ሶደሬ ወሰድኩት። ጎረቤቶች ተሸክመው አስገቡልኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ደህና ነበርን። ስንመለስ ግን ዳገቱ ላይ ማንኳኳት ጀመረች። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ መኪናዋ ልትቆም ትደርሳለች፤ ስረግጥ ታንኳኳለች። ከኋላ አይሱዙ ያንባርቅብኛል። ወገቤ ተቆርጧል፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ያቃጥለኛል፤ ጠያቂውንም ቤንዚኑንም በሆዴ እየረገምኩ ነው።

«አይዞህ» አልኩት። «ቀስ እያልኩ ነው። ሰኞ ያለውን አስደፍቼ ንጹሕ አስቀዳለሁ። መድኃኒቱም ይመጣል፤ ሞተሯ አይነካም።»

«እትዬ» አለኝ። «ለማን ነው የምታቆዪያት?»

«ላንተ ነዋ!»

«እኔ እኮ አልነዳትም።»

ሐኪሙ ይህንኑ ለብቻዬ ጠርቶ ከነገረኝ ቆይቷል። ያን ሁሉ ወረፋ የተሰለፍኩት ይህችን ቃል ከወንድሜ አፍ እንዳልሰማ ነበር።

«መቼ አወቅህ?» አልኩት፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ።

«ሆስፒታል እያለሁ።»

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት ምን ታዳምጣለህ?»

«አንቺ በማለዳ ተነስተሽ ትለፊያለሽ። ዝም ብዬ ብተኛ ደስ ይልሻል?»

አይሱዙው አሁንም ያንባርቃል። ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ጉልበቴን ነካ አደረገኝ።

«ርገጫት በቃ» አለኝ። «ደክሞሻል፤ ቤታችን እንግባ።»

ረገጥኳት።