የአባቴ ድምፅ የተቀመጠበት ቦታ

እኔ በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ከመንገድ ተመልሼ በሩን የምገፋ ሰው ነኝ። ምድጃውን ማጥፋቴን፣ ቁልፉን መያዜን፣ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን ደጋግሜ ካላየሁ አላምንም። የሥራ ባልደረቦቼ «ፈሪ» ይሉኛል፤ እኔ ጥንቁቅ ነኝ እላለሁ። አራዳ ውስጥ፣ ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ለዚህ ሥራ መጠራጠር የሚጎዳ ጠባይ አይመስለኝም ነበር።

አባቴ የዜማ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁስቋም ሰፈር ድጓ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ከቤታችን ጀርባ ባሉት ጎጆዎች የሚኖሩት ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል። ድምፃቸው መጎርነን ሲጀምር ጉንፋን ነው ብለን ዝንጅብል አፈላንላቸው። ቆይቶ ምግብ ሲውጡ ፊታቸው ይጨማደድ ጀመር። ሐኪሙ ጉሮሯቸው ውስጥ እባጭ እንዳለና በኦፕራሲዮን መውጣት እንዳለበት ነገረን። ከዚያ እኔን ብቻዬን ወደ ኮሪደር ጠርቶ፣ «የበቀለው ክፉ ቦታ ላይ ነው። ሕይወታቸውን እናተርፋለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ ስለ ድምፃቸው ግን ቃል ልገባልሽ አልችልም» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ድምፃቸው ሳይሄድ መቅዳት አለብኝ። ሐኪሙም ጠዋት ጠዋት ጥቂት ጥቂት ከሆነ ግድ የለም ብሎ ፈቀደልኝ።

ድምፅ እንዳያስተጋባ የጓዳውን ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ ማይኩን ፊታቸው አስቀምጬ እቀዳቸው ጀመር። የመቅጃው ቀይ መብራት ለዓይናቸው ስለማይታይ ሁልጊዜ ቅንድባቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው «ጀመረ ወይ ልጄ?» ይላሉ። «ጀመረ አባባ» እላለሁ። እሳቸው ግን ወዲያው አይጀምሩም። ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፣ የጎረቤቱን ዶሮ ይቆጣሉ። አንዳንዴም ቁርስ መብላቴን ይጠይቁኛል።

«አባባ፣ እየተቀዳ ነው እኮ!» እላለሁ እየተነጫነጭኩ።

«ይቀዳ! ምን ጎደለብሽ?» ይላሉ።

ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ዜማውን ሲያነሱት እኔም ዶሮውም ጸጥ እንላለን። የታመመ ጉሮሮ መሆኑን የሚያሳብቀው በረጅሙ ሲስቡት መጨረሻ ላይ የምትመጣው ትንሽ ሻካራ ነገር ብቻ ነበረች። 

ከቢሮ ስመለስ የጠዋቱን ቅጂ ከፍቼ ዜማ ያልሆነውን ሁሉ እቆርጣለሁ፤ ሳሉን፣ ዶሮውን፣ ወሬውን። ተቆርጦ የቀረውን ዜማ «ንጹሕ»፣ ያልተነካውን ሙሉ ቅጂ «ጥሬ» ብዬ ሰየምኩ። አሁን የቀረው ማስቀመጫ ነው። የኮምፒውተሬ ዲስክ አርጅቶ ፋይል መብላት ጀምሯል፤ ስልኬም እስከ አፉ ሞልቷል። ስለዚህ ክላውድ ላይ ቦታ ለመያዝ ወሰንኩ። ሩቅ አገር ካለ የኮምፒውተር ማዕከል ዲስክ መከራየት ማለት ነው፤ በእኛ ሙያ እንዲህ ያለውን ዲስክ ቮልዩም እንለዋለን። አጭር ፕሮግራም ጽፈን፣ የቮልዩሙን ስምና መጠን ጠቅሰን፣ ጥያቄያችንን በኤፒአይ እንልካለን፤ ኤፒአይ አንዱ ፕሮግራም ሌላውን የሚያዝበት በር ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ሲስተም ቮልዩሙን ይፈጥርና የመለያ ቁጥሩን ይመልስልናል። እኛም እዚያው ከተከራየነው ኮምፒውተር፣ ከሰርቨራችን ጋር አያይዘን እንጠቀምበታለን።

የጥሬው ቮልዩም ያለ ችግር ተፈጠረ፤ ጥሬውን ቅጂ ጫንኩበት። የንጹሑን ግን ጥያቄውን ልኬ መልስ ስጠብቅ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ደርሶ ይሆን? አልደረሰም? ኔትወርኩ ብቅ ሲል ደግሜ ላክሁ፤ አሁንም ተቋረጠ። እንደገና ላክሁ። መልስ ያልመጣለት ጥያቄ ሳይደርስ የቀረ ላይሆን እንደሚችል ማንም ጀማሪ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ ትዕግሥቱ ግን አልነበረኝም። በመጨረሻ ኔትወርኩ ሲረጋጋ ለካ ሁሉም ደርሰው ኖሯል፤ «ንጹሕ» የሚባሉ ቮልዩሞች ተደርድረው ጠበቁኝ። አንዱን አያይዤ ንጹሑን ቅጂ ጫንኩበት። ሌሎቹ ባዶ ቀሩ። ኮምፒውተሬና ስልኬ ላይ የነበረውንም ለሚቀጥለው ቀን ቅጂ ቦታ እንዲኖር አጠፋሁት።

እነዚያ ባዶዎች እረፍት ነሱኝ። አንድ ቀን ተሳስቼ ሙሉውን እንደ ባዶ ባጠፋውስ እያልኩ ስጨነቅ ሰነበትኩ። የኦፕራሲዮኑ ዋዜማ እኩለ ቀን ላይ፣ ቢሮዬ ተቀምጬ፣ ከዚህ ሐሳብ ልገላገል ብዬ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ከሰርቨር ጋር ያልተያያዘ ቮልዩም ሁሉ ይጥፋ የሚል። አንብቤ፣ መልሼ አንብቤ፣ ላክሁት። በዚያችው ቅጽበት ኢንተርኔቱ ጠፋ።

ወንበሬን ገፋ አድርጌ ስነሳ ነው ትዝ ያለኝ። በዚያው ሳምንት፣ ለጥንቃቄ ብዬ፣ ማንም እንዳይነካው ብዬ፣ ቮልዩም ከሰርቨሩ ነጥዬ ነበር። ጥሬውን? ወይስ ንጹሑን? ወይስ ሁለቱንም? ጭንቅላቴን ይዤ ባስብ ባስብ አልመጣልሽ አለኝ። ደረጃውን ወርጄ ጎረቤት ያለውን ካፌ ኢንተርኔት ጠየቅሁ፤ የለም። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሆቴል ጠየቅሁ፤ ከተማው በሙሉ የለም አሉኝ።

በባጃጅ ወደ ቁስቋም ስወጣ ሹፌሩ የሆነ ነገር ያወራኛል፤ አንዱንም አልሰማሁት። ቤት ስደርስ የአባቴ ታላቅ ወንድም ከመካነ ብርሃን መጥተዋል። ለጉሮሮ ይሆናል ብለው ማር ይዘው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ውስጥ ተኝተዋል። ሐኪሙ ከዛሬ ጀምሮ ድምፅ ማውጣት ይቅርባቸው ብሏል።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ እንዲህ የጠቆረ?» አሉኝ አጎቴ።

ለማንም ሳልናገር ማደር እንደማልችል አወቅሁ። ድምፃቸውን ቀድቼ ክላውድ፣ ማለት ደመና በሚሉት ቦታ እንዳስቀመጥኩት፣ አሁን ምናልባት በገዛ እጄ እንዳጠፋሁት በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«ደመና?» አሉ። «ደመናማ እኛ ዘንድ ጠዋት ጠዋት ከእግራችን ሥር ነው የሚተኛ። ምን ይታመናል እሱ!»

ሳቅም ለቅሶም በአንድ ላይ መጣብኝ።

«ታዲያ ምነው እንደገና አይሉልሽ?» አሉ።

ይህን ነበር ከአራዳ ጀምሮ ሳስብ የመጣሁት። ገብቼ «አባባ፣ አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ» ብላቸው እምቢ እንደማይሉኝ አውቃለሁ፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ተነስተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸው እስኪደማ ይሉልኛል። በሩ ላይ ቆሜ ሲተነፍሱ አዳመጥኩና ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ነርሶቹ አልጋቸውን እየገፉ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲወስዷቸው እጄን ይዘው አስቆሙን። እንዳይናገሩ ተነግሯቸዋል፤ የእኔ አባት መቼ ሰምተው! «ተቀመጠ ወይ?» አሉኝ፣ በዚያች በሻከረች ድምፅ።

«ተቀምጧል አባባ» አልኩ።

በሩ ተዘጋ። እኔም ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ፍለጋ ከኮሪደሩ መስኮት ወደ መስኮት መሄድ ጀመርኩ። አጎቴ አግዳሚው ላይ ቆባቸውን አውልቀው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ እየጸለዩ ነው። ለአባቴ ሕይወት መጨነቅ ሲገባኝ የምጨነቀው ለፋይል መሆኑ አሳፈረኝ። ከዚያ ደግሞ ሁለቱ ተቀላቀሉብኝ፤ ድምፃቸው ካለ እሳቸውም ደህና ይወጣሉ፣ ከጠፋ ግን... ብዬ አሰብኩ፤ ምክንያት የሌለው ነገር እንደሆነ እያወቅሁ። ረፋዱ ላይ ስልኬ ነዘረ። ኔትወርክ መጣ።

ያሉኝን ቮልዩሞች እንዲዘረዝርልኝ ጥያቄ ላክሁ። መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ «ንጹሕ»። አንዱን ፋይል ከፈትኩ። የአባቴ ዜማ በኮሪደሩ ላይ ወጣ። አጎቴ ብድግ አሉ።

«አለ! አያ፣ አለ!» አልኩ።

«ሸጋ! ሸጋ ልጄ!» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

የነጠልኩት ጥሬውን ነበር፤ እሱ ከባዶዎቹ ጋር ጠፍቷል። እንዳይመለስ ሆኖ ነው የጠፋው። እውነቱን ለመናገር ቅንጣት አልከፋኝም። የጠፋው ሳልና የዶሮ ጩኸት ነው፣ ይሂድ አልኩ። ከዚያን ቀን የበለጠ የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ አባቴም ከሰዓት በኋላ በሕይወት ወጡልኝ።

ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። በመጀመሪያ ቁስሉ እስኪደርቅ ነው አሉን፤ ቆይቶ ሐኪሙ ራሱ ከእንግዲህ እንዳንጠብቅ ነገረን። ጎጆዎቹ ውስጥ ተማሪዎቹ ዜማቸውን ይቀጥላሉ፤ ሲሳሳቱም አባቴ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አድርገው ያርሟቸዋል። የእኛ ቤት ግን ዝም አለ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ቁርስ መብላቴን የሚጠይቀኝ የለም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮዬ ተቀምጬ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። የምፈልገው ዜማ አልነበረም። «ልጄ» ሲሉኝ መስማት ፈልጌ ነው። የእያንዳንዱን ፋይል መጀመሪያ ሰማሁ፤ መጨረሻውንም ሰማሁ። ዜማው ጥርት ብሎ አለ፤ ሻካራዋ ነገር እንኳ አለች። «ልጄ» የምትለው ግን የትም የለችም። እኔው በጥንቃቄ፣ አንዲትም ሳላስቀር፣ ቆርጬ አውጥቻታለሁ። የጫማ መደብሩ ደንበኞች እስኪሰሙኝ ድረስ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ ወደ ስልኬ፣ ከዚያም ወደ ጆሯቸው አመለከቱ። ቅጂውን መስማት ፈልገው ነው። ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፌ ፊታቸው አኖርኩትና ቅጂውን ከፈትኩት። ዜማው ከመነሳቱ በፊት ትንሽ ጸጥታ አለች፤ እኔ የቆረጥኩባት ቦታ። በዚያች ጸጥታ ውስጥ አባቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩና ቅንድባቸውን ወደ ላይ ከፍ አደረጉ።

«ጀመረ አባባ» አልኳቸው።