ቲታኒየሙ ሞላሌ ቀረ

የባሕር ውሃን ከጨው የሚለይ ፋብሪካ ለሥራ ፈተና ጠራኝ። ሞላሌ አክስቴን ልሰናበት ሄድኩ፤ አረቄ እያወጣች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ለፈተናው የያዝኩትን የቲታኒየም ቱቦ አሳየኋት።

«ቀዝቃዛ ውሃ በውስጡ ሲያልፍ፣ ውጩን የነካው እንፋሎት ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ጨው አይበላውም፣ አይበሰብስም።»

«አይበሰብስም?» አለች። ሌላውን የሰማችው አልመሰለኝም። ጠዋት ቦርሳዬን ራሷ አዘጋጅታ ሸኘችኝ።

ፈታኞቹ ፊት ቱቦው የተጠቀለለበትን ጨርቅ ስፈታው፣ አረቄ አረቄ የሚሸት የጠቆረ ሸምበቆ ወጣ። ምን አደርጋለሁ፣ የአረቄው እንፋሎት በሸምበቆው አልፎ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ አክስቴ የማቀዝቀዣውን ውሃ መቼ እንደምትለውጥ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ዋናው ፈታኝ ሸምበቆውን አሸተተና ሳቀ።

መቀጠሬን ለአክስቴ ደውዬ ነገርኳት።

«እሰይ ልጄ» አለች። «በሸምበቆዬ ካለፍክ እንግዲህ ቱቦው የእኔ ነው።»