የጋሽ ተስፋይ የሆኪ ክለብ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማበት ቦታ ባሕር ማዶ አውሮራ ከተማ ውስጥ ካለ የበረዶ መጫወቻ አዳራሽ ጀርባ የነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። እናቴ ሆስፒታል የከሰዓት ፈረቃ ትሠራ ስለነበር ከትምህርት ቤት የሚወስዱኝ ጎረቤታችን ጋሽ ተስፋይ ነበሩ። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ለሥራም ለቤተ ክርስቲያንም እኩል ተላጭተው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ሥራቸው በረዶውን የሚያለሰልሰውን ትልቅ መኪና መንዳት ነው። ሜዳው ላይ ሙቅ ውሃ እያፈሰሱ ሲዞሩ እንፋሎቱ ከኋላቸው ይነሳና በክፍላችን በር በኩል ገብቶ ፊቴን ያረጥበዋል። ክፍሏ የላስቲክና የእርጥብ ጓንት ሽታ ነበራት፤ ግድግዳው ላይ አንድ አምፖል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ፍም መስሎ የሚቀላ የጋዝ ማሞቂያ።

ያኔ በአዳራሹ በረዶ ላይ በዱላ የሚጫወተው የሆኪ ክለብ ግማሽ ፕሮፌሽናል ነበር፤ ማለትም ተጫዋቾቹ ቀን ቀን የየራሳቸውን ሥራ ሠርተው ማታ ማታ ጥርሳቸውን ለማስወለቅ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ከሥራ ወጥተው እስኪመጡ ያለው ሰዓት የእኔ ነው። ጋሽ ተስፋይ በርጩማቸውን ወደ ማሞቂያው ይስቡና፣ ትናንት የነገሩኝን እንኳ ሳይዘሉ፣ የክለቡን ታሪክ ከሥሩ ይጀምሩልኛል።

ከሥሩ ማለት ከኬቨን ጣሪያ ሠሪው ነው። ኬቨን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ፓርክ ውስጥ በቀዘቀዘ ኩሬ ላይ ሲጫወት በረዶው ተሰንጥቆ እስከ ወገቡ ገባ። ከዚያ ሲወጣ፣ «የሰው ጣሪያ ስሠራ እየዋልኩ እኔ ሜዳ ላይ የምቀረው ለምንድን ነው?» ብሎ ይህን አዳራሽ፣ ያኔ ባዶ መጋዘን የነበረውን፣ ጣሪያውን በገዛ እጁ ጠግኖ ክለቡን መሠረተ። ቀጥሎ የአስተማሪው የዳኒ ታሪክ ይመጣል። ለጨዋታ ሲጓዙ ተራራ ላይ አውቶቡሳቸው በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ ሳለ ዳኒ ወርዶ በመጫወቻ ዱላው መዛቅ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ደርሰው ሰውነታቸውን እንኳ ሳያሟሙቁ አሸነፉ። ጋሽ ተስፋይ እዚህ ላይ ሲደርሱ ቆመው ያሳዩኛል፤ በማይታይ ዱላ የማይታይ በረዶ ይዝቃሉ። እኔም ሁልጊዜ እሥቅ ነበር።

ተጫዋች ሁሉ በእሳቸው ዘንድ ስምና ሙያ ነበረው። ከሸሚዙ ጀርባ በትልቁ የተጻፈውን የቤተሰብ ስም ግን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። «እሱ የአባቱ ስም ነው፤ የተጫወተው አባቱ ነው እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ ክለቡ የድሮ ተጫዋቾቹን ጠርቶ ሊያከብር፣ ታሪኩንም በትንሽ መጽሔት ሊያወጣ ተነሳ። ከድሮዎቹ አንድም በክለቡ የቀረ ስላልነበረ፣ ሜጋን የምትባል አዲስ የቢሮ ሠራተኛ ደብተሯን ይዛ ወደ ክፍላችን መጣች። ጋሽ ተስፋይ ያን ቀን አዲስ ሹራብ ለብሰው ነበር። ኩሬውን፣ ጣሪያውን፣ አውቶቡሱን፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛቸው ነገሯት።

በሦስተኛው ቀን ያረጁ የጨዋታ ወረቀቶች ይዛ ተመለሰች። ወረቀቶቹ ላይ ያሉት የቤተሰብ ስሞች ብቻ ነበሩ።

«ይሄ ኬቨን የቤተሰብ ስሙ ማን ነው?» አለቻቸው።

«ኬቨን ጣሪያ ሠሪው።»

«ሸሚዙ ላይስ ምን ነበር የተጻፈው?»

«የአባቱ ስም ነዋ። አባቱን አላውቃቸውም።»

ሜጋን ክፉ ልጅ አልነበረችም። ምናልባት ከሌላ ክለብ ጋር ተቀላቅሎብዎት ይሆናል፣ ማረጋገጥ ያልቻልነውን ማተም አንችልም ብላ በትሕትና ደብተሯን ዘጋች። የጋሽ ተስፋይ ጆሮ ቀላ። እኔ ደግሞ በእሳቸው ፈንታ አፈርኩ፤ ከማፈሬም የባሰውን አደረግኩ። ቤታችን ደርሰን መኪናውን ፓርክ ሲያደርጉ እንዲህ አልኳቸው፦

«ጋሼ፣ ስቶሪው ሪል ነው ወይስ ፈጥረውት ነው?»

ሞተሩን አጠፉ። «ውረጂ ሩትዬ፣ ይበርድሻል» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታሪክ ቆመ። ማሞቂያውን ያበሩልኛል፣ ብርቱካን ልጠው ይሰጡኛል፣ የቤት ሥራዬን ያያሉ። ንገሩኝ ስላቸው ግን «ዛሬ ደክሞኛል» ይላሉ። ያ ቃሌ ምን ያህል እንደጎዳቸው የገባኝ በዚያ ዝምታ ነው፤ መልሼ ልውጠው ተመኘሁ።

በዓሉ ቅዳሜ ከሰዓት ዋለ። የሸበቱ፣ ቦርጫም የሆኑ ሰዎች ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ሜጋን በማይክራፎን የቤተሰብ ስማቸውን እየጠራች በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ አንድ በአንድ ታስገባቸዋለች። እኔና ጋሽ ተስፋይ በረዶ ማለስለሻ መኪናቸው አጠገብ ቆመናል። መጀመሪያ የገባው ትከሻው ሰፊ፣ ትንሽ የሚያነክስ ሰው ነበር።

«ኬቨን» አሉ ጋሽ ተስፋይ፣ ለራሳቸው ያህል።

ሰውየው ዞረ። ምንጣፉን ትቶ በጫማው በረዶው ላይ እየተንሸራተተ መጣና አቀፋቸው። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና፣ «እስካሁን አያፈስም?» ብሎ ጠየቃቸው። እኔ ሜጋንን እያየሁ ነበር፤ እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አየች፣ እኛን አየች፣ ከዚያ ብዕር ከኪሷ አወጣች። የቀሩትም ሲገቡ ጋሽ ተስፋይ ዳኒ አሉ፣ ስኮት አሉ፣ የጠሩት ሁሉ ዞረ። ዳኒማ አጠገቤ ቆሞ የአውቶቡሱን ነገር ለሜጋን ሲነግራት አንዲት ቃል ከእሳቸው አልለየም፤ ሲዝቅ እንኳ እንደሳቸው ነው።

በመጨረሻ ሜጋን «ሚስተር ወልደሚካኤል» ብላ ጠራች። ጋሽ ተስፋይ አልተንቀሳቀሱም።

«ጋሼ፣ እርስዎን ነው» አልኳቸው።

«አባቴን ነው። አባቴ ደግሞ በረዶ ላይ ቆሞ አያውቅም።»

ኬቨን ሰምቶን ኖሮ ማይክራፎኑን ተቀብሎ «ተስፋይ» አለ። ዳር ተሰልፈው የነበሩት የዚያን ጊዜ ተጫዋቾች ሁሉ ዱላቸውን በረዶው ላይ መምታት ጀመሩ፤ በሆኪ ለትልቅ ሰው የሚጨበጨበው እንዲህ ነው። ጋሽ ተስፋይ ኮታቸውን ቆልፈው፣ እጄን ይዘው፣ መሃል ድረስ ሄዱ። እኔ ከዚያ ወዲህ ተመርቄያለሁ፣ ተድሬያለሁ፤ ያን ቀን የኮራሁትን ያህል ግን ኮርቼ አላውቅም።

ሰኞ ዕለት በርጩማው ወደ ማሞቂያው ተሳበ። ታሪኩ ረዝሞ ነበር፤ ቅዳሜም ገብቶበታል፤ የሜጋን ደብተርም፣ የኬቨን ጫማም አልቀረም። ከዚያ በኋላም ክለቡ እስኪፈርስ፣ እሳቸውም ጡረታ ወጥተው ቶርንተን ከተማ ልጃቸው ጋ እስኪገቡ ድረስ ስንት ጊዜ ነገሩኝ፤ መኪና ውስጥ የጠየቅኳቸውን ግን አንድም ቀን አላነሱትም። በእሳቸው ታሪክ ሜጋን ደብተሯን ትዘጋለች፣ ከዚያ ወዲያው ቅዳሜ ይሆናል። ትናንት የነገሩኝን እንኳ የማይዘሉት ሰው እሱን ብቻ ይዘሉልኝ ነበር።

ዛሬ ታሪኩን ለልጄ የምነግራት እኔ ነኝ። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ያልኩትን ሳልዘል እነግራታለሁ።