ሰነፍ ያልኳቸው ሰዎች

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12፡00፤ አየር ጤና

ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። ረዳቱ “ሰበታ፣ አንድ ሰው! ሰበታ፣ አንድ ሰው!” ይላል። እኛ ግን አንድ ሰው ሳይሆን ስድስት ሰው እስኪሞላ ጠበቅን። ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ የሽንኩርት ጆንያዋን እግሬ ላይ አሳርፋ እንቅልፏን ቀጠለች።

ለዓመታት አነስተኛ ነጋዴዎችን ሳሠለጥን ኖሬያለሁ። ቢሮዬ “የተሳካላቸውን የቀድሞ ሠልጣኞችህን ታሪክ ሰብስብ” ብሎ ልኮኛል። በእጄ የያዝኩት ቅጽ ስለ ሰውየው ባሕርይ ሁለት ሙሉ ገጽ ይጠይቃል። ደፋር ነው? ትጉህ ነው? ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል? ስለሚሠራበት ቦታ ግን ያለችው አንዲት መስመር ናት፤ “አድራሻ” ትላለች። ቅጹን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ።

1፡30፤ ሰበታ

ዓለም ገናን ስናልፍ የጭነት መኪናዎቹ መንገዱን ዘግተው ይንፏቀቃሉ። ወርጄ በቆምኩበት ሁለት ፓስቲ በሻይ በላሁና የቀድሞ ሠልጣኜን የደረጀን የበርና መስኮት መሥሪያ ፈለግሁ። ከአስፋልቱ ዳር ስለሆነ ለመፈለግም አላደከመኝም። ደረጀ አልነበረም። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ትልቅ የግቢ በር ይበይዳል። መከላከያውን ከፊቱ ሲያነሳ ክው አልኩ። ሰይድ ነው! ከእነደረጀ ክፍል ሠልጣኞች እንደሱ ብረት የሚያውቅ አልነበረም። ቡራዩ የራሱን ወርክሾፕ ሲከፍት ሪባኑን የቆረጥኩለት እኔ ነበርኩ።

“እዚህ ምን ትሠራለህ?”

“እንደሚያዩኝ ነው መምህር፤ ተቀጥሬ።”

ደረጀ በሦስት ሰዓት ተኩል መጣ። ይህ ልጅ በሥልጠናው ግማሹን ጊዜ ያንቀላፋ ነበር። አቅፎ ሳመኝ፤ ለስላሳ አስመጣ። የስኬቱን ምሥጢር ስጠይቀው አንገቱን አከከ።

“እውነቱን ልንገርዎት? ቦታው ከአባቴ የወረስኩት ነው። መብራቱ ከጎረቤቱ ፋብሪካ ጋር አንድ መስመር ስለሆነ አይጠፋም። ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ በደጄ ያልፋል። ሥራውን ደግሞ ሰይድ ይሠራዋል።” ሳቀ። በሳቁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ያ ይበልጥ አናደደኝ። “እርስዎ ግን ‘ትጉህ’ የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉልኝ።”

አደረግሁለት።

6፡00፤ ቡራዩ

ሰይድ ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ይፈቀድለታል። ሦስት ታክሲ ቀያይረን አብረን ቡራዩ ገባን፤ ወርክሾፑን ሊያሳየኝ ፈልጎ ነው። ከዋናው መንገድ ቁልቁል ወረድን። የሠፈሩ መንገድ ለፍሳሽ ቱቦ ተብሎ ተቆፍሮ እንደተተወ ነው፤ ውሃ አቁሮ ሣር አብቅሏል። በላዩ የተጋደመችውን አጣና እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻገርን።

“የሠራሁትን በር በሰው ትከሻ ነበር የማወጣው” አለኝ። “ደንበኛ መጥቶ ይሄን ጉድጓድ ያይና ይመለሳል። መብራቱ በመጣ ቀን ደግሞ ኃይሉ ደካማ ነው፤ ብረቱን አያያይዝልኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ አመለከትኩ። ነገ ይደፈናል፣ ነገ ይደፈናል!”

የቆርቆሮው በር ተቆልፏል። ታፔላው ላይ የጻፈው ስሙ ግማሹ ለቋል።

“ባለቤቴ ለጎረቤት ምን እንደምትል ያውቃሉ? ‘ተቀጠረ’ አትልም። ‘ሰበታ ቅርንጫፍ ከፍቷል’ ነው የምትለው።”

ቅጹን አወጣሁ። “ላንተም ልሙላልህ?”

“ለተሳካላቸው ነው አላሉኝም?” ብሎ ጨበጠኝና ወደ መስጊዱ ሄደ።

9፡30፤ ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ የተነሳው ሚኒባስ ባሕር ዛፉን እያቋረጠ ዳገቱን ጨረሰ። ከዳገቱ ማዶ ብርድ ነው፤ ሜዳው ላይ ቱታ የለበሱ ሯጮች በሰልፍ ይሮጣሉ።

ጫልቱን ከሠልጣኞቼ ሁሉ አብልጬ እወዳት ነበር። የገበሬ ልጅ ናት፤ የወተት ማቀነባበሪያ ከፍታ እርጎና ቅቤ ታቀርብ ነበር። ከዚያ በፊት የውሃ ፋብሪካ ሥራ አግኝታ ልትገባ ስትል “አንቺን የመሰለች ለሰው አትቀጠርም” ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። እንደተሳካላት ገምቼ አሁን ቤቷ ስገባ ትልቁ ማቀዝቀዣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከፈተችልኝ። ውስጡ ልብስ ታጥፎ ተደርድሯል።

“በጾም ገዢ የለም፤ በፍስክ መብራት የለም” አለች። “ያረጋሁትን እርጎ ስንት ጊዜ ለውሻ ደፋሁ! ፋብሪካውም አሁን አልፈልግሽም አለኝ።”

“ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ጫልቱ።”

ዓይኗ እንባ ሞላ። “ታዲያ ለአባቴ ይንገሩልኛ! በምርቃታችን ቀን ወላጆቻችን ፊት ‘የወደቀ ሁሉ የሚወድቀው በራሱ ስንፍና ነው’ አላሉም? አባቴ ያቺን ቃል ይዞ ሰነፍ አለኝ። ላሞቹን በሙሉ ለወንድሜ ሰጠው። እኔ አሁን ለወንድሜ አላቢ ነኝ።”

አባቷን ኦቦ ቶሎሳን አጥር ጥግ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው፤ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

“አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ቶሎሳ?”

“ናጋ። መምህሩ ነህ አይደል?” አስታወሱኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጃቸው ከማንም በላይ እንደለፋች፣ ያሸነፋት መብራቱና ገበያው እንደሆነ፣ ያን ቀን የተናገርኩት ስህተት እንደነበረ። ጫልቱ ከኋላዬ ቆማ ትንፋሿ ይሰማኛል።

“ያኔ በማይክራፎን ነበር የተናገርከው” አሉ ሽማግሌው። “አገር ሰምቷል። ዛሬ ለእኔ ለብቻዬ በጆሮዬ ትነግረኛለህ።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ተሳስቼ ነው። ላሞቹን…”

“ላሞቹማ ተሰጡ። የሰጠሁትን ከወንድ ልጄ ላይ አልነጥቅም።” ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ።

11፡30፤ ወደ ቤት

ጫልቱ የማለቢያ ባልዲዋን እንደያዘች እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። “ቢያንስ ሰምቷል” አለች። እኔን ልታጽናና መሆኑ ገባኝና አፈርኩ። ከዚያ ሰዓቷን አይታ ደነገጠች።

“የማለቢያ ሰዓት አለፈኝ፤ ወንድሜ ይቆጣኛል።”

ከጫንጮ የመጣ ሚኒባስ ቆመልኝ። ከኋላ ወንበር ሆኜ በመስኮቱ ዞሬ አየኋት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ባልዲዋን በአንድ እጇ አንጠልጥላ፣ ወደ ወንድሟ በር በሩጫ ትወርዳለች።