ደስታው ልጁን ለመርፌ ወደ ደጋ ሲያወጣ

አሰብ ሰጊር ውስጥ ደስታውን የማያውቅ ካለ፣ ወይ ትናንት በመርከብ የመጣ ነው ወይ ጆሮው አይሰማም። ደስታው የተሳቢ ሹፌር ነው። ኤንትሬ መኪናውን ይዞ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ገና ከከተማው መግቢያ ክላክሱን ይለቀዋል፤ የሰፈሩ ሕፃናትም ግልብጥ ብለው ይወጣሉ። ሰውየው ወሬ ሆዱ ውስጥ አያድርለትም። ከጭነቱ በፊት የሚያራግፈው ወሬውን ነው፤ አዲስ አበባ ምን ተወደደ፣ ሚሌ ላይ የማን መኪና ተገለበጠ፣ ሁሉንም ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ይዘረግፈዋል። ከራሱ የሚጨምረውን እንኳ ተዉት፣ እሱ ተቆጥሮ አያልቅም።

ደፋር ነኝም ይላል፣ ደፋርም ነው። የዶቢን ሜዳ በቀትር ፀሐይ እያፏጨ ነው የሚያቋርጠው። እንዲህ ያለውን ሰው ወሽመጡን የሚቆርጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጁ የባዩሽ ሕመም። ባዩሽ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ለእናቷም ለአባቷም አንድ ናት። ያስነጠሳት እንደሆነ ደስታው ምግብ አይበላም።

እንግዲህ በሰማንያ አንድ፣ በየካቲት፣ ይዞት የመጣው ወሬ እንደ ሌላ ጊዜው የሚያስቅ አልነበረም። ማጅራት ገትር ደጋውን እያመሰው ነው አለ። ልጅ ደህና አድሮ ጠዋት ትኩሳት ይይዘዋል፣ አንገቱ ይደርቃል፣ ከዚያ ወዲያማ አያድርስ ነው። ደስታውን የገዛ ታናሽ ወንድሙን በልጅነቱ የቀማው ይኸው በሽታ ነው፤ ማጅራቱን በጋለ ብረት ተኩሰውትም አልተረፈም። ይኼን ግን ሻይ ቤት አያወራውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዩሽ አበሳዋን አየች። ገና ዓይኗን ስትገልጥ አባቷ አጠገቧ ተቀምጦ፣ አገጭሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ ይላታል። ታደርጋለች። እንደገና ይላታል። ጎማ እየነካካ አየሩን እንደሚፈትሽ ሹፌር አንገቷን ከግራ ከቀኝ እየዳበሰ ይመረምራታል። አሰብ ደግሞ ሰው በሙቀቱ ምክንያት አልጋውን ደጅ አውጥቶ የሚያድርበት አገር ነው፤ ምኑ ይደበቃል? ጎረቤት አየ፣ የጎረቤት ጎረቤት አየ፣ እነሱም ልጆቻቸውን ያስጎነብሱ ጀመር። መንደሩ በሙሉ ጠዋት ጠዋት አንገቱን እየነቀነቀ ይነሣ ነበር። ሰላምታ የሰጡት የመሰለው የበይሉል ዓሣ ሻጭ እያንዳንዳቸውን እጅ እየነሳ ያልፋል።

ወዲያው ደግሞ ቀበሌው ክትባት ሊመጣ ነው ብሎ አስነገረ። ይኼኔ ሰው ደስታው እልል ይላል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሱ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? ቅቤ ያለ እሳት ዘይት ሆኖ በሚውልበት በአሰብ ሙቀት መድኃኒት ሳይፈላ አይቀርም፤ የተቀቀለ መርፌ ልጄን የሚወጋ መጀመሪያ በእኔ ላይ ይለፍ አለ። በበረዶ ሳጥን ነው የሚመጣው ቢሉት፣ በረዶውስ የማን ዘመድ ሆኖ ነው አሰብ ላይ የማይቀልጠው አላቸው። ሰው ሳቀ። የሳቀውም ሰው ቤቱ ሲገባ እያሰበበት ገባ።

ይህ ሁሉ ግን ልጁን ሳያስከትብ ሊቀር አይደለም። ደስታው በልቡ የያዘው ሌላ ነው፤ ባዩሽን በመኪናው ጭኖ ኮምቦልቻ አውጥቶ፣ ብርድ አገር ባልተበላሸ መድኃኒት ሊያስወጋት። ችግሩ ሚስቱ እታፈራሁ ናት። እታፈራሁ በወደብ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ቃሏ ጥቂት የሆነ ሴት ናት። ልጄ በዚያ መኪና ያን በረሃ አታቋርጥም ካለች ቆይታለች፤ እሷ አንዴ አይሆንም ካለች ደግሞ የወደብ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ቢለምናት አይሆንም። ስለዚህ ደስታው ዋሸ። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ከበደች ባዩሽን ካላየሁ ብላ እያለቀሰች ነው አላት። ከበደች በሕይወቷ ያለቀሰችው ሽንኩርት ስትከትፍ ብቻ ነው።

ጠቡን ሊችል ወገቡን አሥሮ ሲጠብቅ እታፈራሁ፣ ይሁን፣ ነፋሻ አየርም ታገኛለች ብላ የልጅቷን ልብስ ትቋጥር ገባች። አንድ ነገር ብቻ አደራ አለችው፤ ግራ እጇን ይዘህ እንዳትጎትታት፣ ገላዋንም እንዳታጥባት፣ እኔ አጥቤያታለሁ አለችው። ደስታው አምላክ ልቧን አራራልኝ ብሎ ጮቤ ረገጠ። ረዳቱን አበጀን ጭነቱ ላይ አስወጥቶ፣ ልጁን ጋቢና ውስጥ ንግሥት አድርጎ አስቀምጦ መንገድ ገባ።

ባዩሽም እንደዚያ ቀን ተደስታ አታውቅም። ግመል ባየች ቁጥር አንገቷን በመስኮት አስግጋ ትጮሃለች፣ ግመሉ ሲርቅ ወደ ኋላ ዞራ ትሰናበተዋለች። ከቡሬ እስከ ሚሌ ያልተሰናበተችው ግመል የለም። አባትየው የሚሄዱት ለመርፌ መሆኑን ከነገራት በኋላ እየዘፈነ ይነዳል፣ አበጀ ከላይ ሆኖ ይቀበለዋል፤ ሚሌ ላይ አድረው በማግሥቱ ባቲን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ግን ልጅቷ ዝም አለች። ደስታው ግንባሯን ነካው። ይፋጃል።

«ባዩሽዬ፣ አገጭሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ» አላት።

«አንገቴ እምቢ አለኝ አባዬ።»

ወንድሙ ያኔ የተኛበት መደብ ደስታው ፊት ድቅን አለ። ያን ሙሉ ጭነት ተሳቢ ዳገቱን እንዴት እንዳስወጣው እሱም አያውቅ። ክላክሱን አንድ ጊዜ ተጭኖ ኮምቦልቻ እስኪገባ አለቀቀውም። በሬው፣ አህያው፣ ገበያተኛው መንገድ እየለቀቀ ገደል ገደሉን ያዘ። ላይ ያለው አበጀ ፍሬን የተበጠሰ መስሎት ጸሎቱን ጀምሮ ነበር፤ ጸሎቱ ሳያልቅ ደስታው በጤና ጣቢያው በር ኤንትሬውን አስገባ። ተሳቢው ግን በሩ ላይ ተወትፎ ቀረ። ለክትባት የተሰለፉት እናቶች ልጆቻቸውን እያነሡ ተበተኑ። ደስታው ባዩሽን ታቅፎ በሰው መሐል እየገፋ ገብቶ፣ ወንድሞቼ ልጄን አትርፉልኝ ብሎ ጮኸ።

የተቀበለው ኃይለጊዮርጊስ የሚባል ጤና ረዳት ነው፤ በመከረኛ ሰው የማይደነግጥ፣ ረጋ ያለ። ልጅቷን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ የጫማሽ ማሠሪያ ተፈቷል አላት። ባዩሽ ጎንበስ ብላ አየች። አልተፈታም። ደህና አድርጎ የታጠፈውን አንገቷን ደስታው አፉን ከፍቶ ይመለከታል። ኃይለጊዮርጊስ ትኩሳቷን ለካ፣ ጉልበቷን አጥፎ ዘረጋ፣ ምን ስትሠራ እንደ ዋለች ጠየቀ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ግመል ስትሰናበት እንደ ዋለች ነገሩት።

«አንገቷ የዛለው በዚያ ነው። በሽታውም እሷ ላይ የለም» አለ። «ከመጣችሁ ግን እንከትባታለን።»

የግራ እጇን እጅጌ ሰቀለ። ክንዷ ላይ ትንሽዬ ቀይ እብጠት አለች። ኃይለጊዮርጊስ እብጠቷን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ አባትየውን አየ።

«ይቺ ልጅ እኮ ተከትባለች፤ ትኩሳቱም ከዚያ ነው የመጣው፣ ነገ ይተዋታል። የት ነው ያስከተቧት?»

ደስታው ወደ ልጁ ዞረ። ባዩሽ አንገቷን ደፋች፤ ይኼኔማ አንገቷ በደንብ ይታዘዝ ነበር።

«እማዬ ናት ክትባቱ እንደ መጣ አሰብ ያስወጋችኝ። ለአባትሽ እንዳትነግሪ፣ ይቆጣል አለችኝ።»

«እሺ፣ ለመርፌ መምጣታችንን መንገድ ላይ ስነግርሽ ለምን ዝም አልሽ?» አላት አባቷ።

«ብነግርህ ኖሮ መኪናውን ታዞረው ነበራ።»

ደስታው ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ሲስቅ እንባው ይወርዳል፣ እንባውን ሲጠርግ ሳቁ ይብሳል። ተበትነው የነበሩት እናቶችም ተመልሰው አይተው አብረው ሳቁ፤ ምን እንደሆነ የገባቸውም ያልገባቸውም።

እሱ ግን ከበደች ቤት እንኳ ሳይደርስ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ስልክ ቤት ሮጠ። እታፈራሁን ከመሥሪያ ቤቷ አስጠራት። ጠቡን ሊጀምር ብሎ ድምጿን ሲሰማ ግን ደህና ናት፣ ደህና ናት፣ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣው አለ። ከዚያ ሁሉንም ነገራት፣ ትኩሳቱንም፣ ዳገቱንም፣ እብጠቷንም።

«እና ለምን ደበቅሽኝ?» አላት።

«አንተስ ለምን ደበቅኸኝ? እኔ የበረዶ ሳጥኑን በዓይኔ አይቼ ነው ያስወጋኋት፤ ባትወጋማ በሽታ ወዳለበት ደጋ እሰዳት ነበር? ባንተ ላይ አልፌ እንዳላስወጋት ደግሞ ሰው ሁሉ ቃልህን ሰምቷል።»

ይኼኔ በመሐል ሌላ የሴት ድምፅ ገባ። አሰብ ላይ መስመር የምታገናኘው አሰጋሽ ናት፤ የሰው ስልክ እንደምታዳምጥ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እንዲህ ተናግራ ግን አታውቅም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «የአሰቡ መርፌ አልተበላሸም ማለት ነው? እኔ እኮ የጋሼ ደስታውን ወሬ ሰምቼ ሁለቱንም ልጆቼን ቤት ቆልፌባቸው ነው የመጣሁት። ዛሬ ደግሞ ክትባቱ የመጨረሻው ቀን ነው።»

ባልና ሚስቱ ከሁለቱም ጫፍ እኩል፣ ሂጂ ሩጪ አሏት። ወንበር ሲወድቅ ተሰማ፣ ከዚያ የሚሮጥ ሰው ኮቴ።

መስመሩን ሳትነቅለው ነበር የሄደችው። የሚያቋርጣቸው ስለሌለ ደስታውና እታፈራሁ አወሩ፣ አወሩ። በትዳራቸው እንዲያ አውርተው አያውቁም። ስለ ወንድሙም፣ መደቡ ላይ ሆኖ ውሃ ስጡኝ ይል ስለ ነበረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገራት። እሷም ጠዋት ጠዋት እሱ የልጅቷን አንገት ዳብሶ ሥራ ሲወጣ ደግማ ትዳብስ እንደ ነበር ነገረችው። ባዩሽ አባቷ ትከሻ ላይ ተኝታ ነበር። ኮቴው ተመልሶ መጣ፤ የሁለት ልጆች ለቅሶ አብሮት ነበር፣ መርፌ የተወጉ ልጆች ለቅሶ፣ ስልክ ቤቱን የሚያናጋ። ከአሰብ ከመጣ ድምፅ ሁሉ ለደስታው እንደዚያ የጣመው የለም።