የአባቴ ክኒንና ቅራሪው

ዛሬ ማራኪ ፋርማሲ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ፋርማሲስቷ «እማማ፣ በየስድስት ሰዓቱ ነው፤ እንዳያሳልፉ» ስትለኝ አባቴ ትዝ አለኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ መካነ ብርሃን ስንኖር። አባቴን ሳንባ ምች ጣለውና የጤና ጣቢያው አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ በቀን አራት ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ሰጠው።

ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ። አባቴ አራቱንም አጠራቅሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጾሙን ሲፈታ፣ ባንዴ ይውጣል! (በእሱ ቤት እግዜርንም ሐኪሙንም አስታርቋል።)

ማታ ሻል ይለዋል፤ ንጋት ላይ ትኩሳቱ ይመለሳል። እናቴ ማልቀስ ጀመረች።

ድሬሰሩ ሊያየው ሲመጣ ነገሩን ሰማ። አልተቆጣም። ጠላ በብርጭቆ አስቀዳና ግማሹን ደፍቶ ውሃ ሞላበት። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዋጡት አመሻሽ ላይ የሚቀረው ይኸን ያህል ነው።» ደግሞ ግማሹን ደፋና ውሃ ሞላ። «እኩለ ሌሊት።» ሦስተኛም ደገመው። «ይኸ ንጋት ነው። አያ፣ አሁን ይኸ ጠላ ነው?»

አባቴ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳና አየው። «ምን ጠላ አለው፣ ቅራሪ ነው እንጂ! እንግዲያ ጧት ጧት በሽታዬን በቅራሪ ነው የምዋጋው በለኛ!»

«መድኃኒቱም በደምዎ ውስጥ እንደዚሁ ነው። ሳይቀጥን ይጨመርበታል።»

የንስሐ አባቱ ፈቀዱለት፤ በየስድስት ሰዓቱ ዋጠ፣ ዳነ።

አባቴ ካረፈ ስንት ዘመኑ! ድምፁ በየዓመቱ እየቀጠነብኝ ነበር። ዛሬ ያቺ የፋርማሲዋ ልጅ ሳታውቀው ጨመረችበት።

እናንተስ፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ የመድኃኒት ታሪክ የለም? ጻፉልኝ እስቲ፣ ሳይቀጥን።